ከፊል እግሩን ላጣ ውሻ ወይም ድመት የቱ ይሻላል? ሰው ሠራሽ እግር፣ ድጋፍ፣ ጋሪ ወይስ ሦስት እግር

የእንስሳት ሐኪም «እግሩ ይቆረጣል» ካለ በኋላ ብዙ ባለቤቶች ቤታቸው ገብተው ስልካቸው ላይ መፈለግ ይጀምራሉ። ቶሎ የሚያገኙት በፕላስቲክ እግር ሣር ላይ የሚሮጥ ውሻ ቪዲዮ ነው። ተስፋ ይሰጣል፤ ግን ሁለት ነገር አያሳይም። አንደኛው ያ ውሻ ከእግሩ ምን ያህሉ እንደቀረለት ነው፤ ሁለተኛው በየማታው መሣሪያውን ፈትቶ ቆዳውን ማን እንደሚያይለት ነው። ምርጫውን በአብዛኛው የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ቀዶ ሕክምናው ገና ካልተደረገ ሌላውን ሁሉ ትተው አስቀድመው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «የሚቆረጠው የት ላይ ነው?» በተለመደው አሠራር የፊት እግር ከትከሻ አጥንቱ ጋር ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ የኋላ እግር ደግሞ ከጭን መሃል ወይም ከዳሌ መገጣጠሚያ ላይ ይቆረጣል። ሐኪሞች ይህን የሚያደርጉት በምክንያት ነው፤ አጭር ቀሪ ከተተወ እንስሳው መሬት ሊረግጥበት እየሞከረ ያቆስለዋል። በሦስት እግር ለሚኖር እንስሳ አሠራሩ ትክክል ነው። ለሰው ሠራሽ እግር ግን በሩን ይዘጋዋል፤ መሣሪያው የሚታሰርበት አካል አይኖርምና። ብዙ ሰው ስለ ሰው ሠራሽ እግር የሚጠይቀው ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ጥያቄው አልፎበታል።

መመዘኛዎቹ

*የቀረው እግር ርዝመት።* ለፊት እግር ክርን፣ ለኋላ እግር ጉልበት ጤናማና የሚታጠፍ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ካለው ረጅም አጥንትም ግማሽ ያህሉ ቢቀር ይመረጣል። መዳፉን ብቻ ያጣ ወይም ያለ መዳፍ የተወለደ ውሻ ጥሩ ዕድል አለው። ከክርን ወይም ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ግን መሣሪያው የሚይዘው ነገር ስለማያገኝ ይንሸራተታል፣ በዙሪያው ይዞራል። እንዲህ ላለው እንስሳ «እንሞክረው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይያዙ።

*የትኛው እግር እንደሆነ።* ውሻ ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ በፊት እግሮቹ ላይ ያርፋል። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በእያንዳንዱ የፊት እግሩ ወደ 9 ኪሎ፣ በእያንዳንዱ የኋላ እግሩ ደግሞ ወደ 6 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ስለዚህ የፊት እግሩን ያጣ ከባድ ውሻና የኋላ እግሩን ያጣ ቀላል ውሻ በአንድ ምክር አይስተናገዱም።

*የተቀሩት ሦስት እግሮች።* ብዙዎች ዓይናቸው የተጎዳው እግር ላይ ስለሚተከል ይህን ይዘሉታል። የጎደለውን ሸክም የሚወስዱት እነዚህ ናቸው። ጀርመን ሼፐርድና ላብራዶር በዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የሚታወቁ ዝርያዎች ናቸው፤ ዳሌው አስቀድሞ የሚያመው ውሻ በሦስት እግር ሊቸገር ይችላል። ከውሳኔ በፊት የተጎዳው ብቻ ሳይሆን የቀሩት እግሮችና ዳሌው ጭምር ራጅ ይነሱ።

*የጉዳቱ መንስኤ።* መኪና የገጨው፣ ወጥመድ የያዘው፣ ብርድ ያቃጠለው ወይም ከተወለደ ጀምሮ የጎደለው እንስሳ ከፊቱ ረጅም ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። የአጥንት ካንሰር ግን ሌላ ስሌት ነው። በትልልቅ ውሾች ላይ የሚበረታው ኦስቲዮሳርኮማ እግሩ ተቆርጦ ኬሞቴራፒ ካልተከተለ ግማሾቹን በ4 ወይም በ5 ወር ውስጥ ይወስዳል፤ ከኬሞቴራፒ ጋር ይህ ጊዜ ወደ 10 ወይም 12 ወር ይረዝማል። ለዚህ ውሻ ልኬት፣ ማስተካከያና ልምምድ የሚፈጁት ሳምንታት ከቀረው ዕድሜ ላይ የሚቀነሱ ናቸው። ለመሣሪያ ሲባል ዝቅ ብሎ እንዲቆረጥ መጠየቅም ካንሰሩን ለመተው በር ይከፍታል። በዚህ ላይ ከሐኪሙ ጋር አይደራደሩ።

*ጊዜዎና ገንዘብዎ።* የመጀመሪያው ክፍያ የወጪው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የውስጥ ስፖንጅ ያረጃል፣ ማሰሪያ ይላላል፣ ሶል ያልቃል፣ እንስሳው ይወፍራል ወይም ይከሳል። ጠዋት ወጥተው ማታ የሚገቡ ከሆነና ቤት የሚቀር ሰው ከሌለ ይህን ለራስዎ በግልጽ ይንገሩ፤ ምርጫዎን ይቀይረዋል።

በሦስት እግር መኖር

ከዚህ የምጀምረው ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻ መጥፊያ አድርጎ ስለሚያየው ነው። እንስሳው እንደዚያ አያየውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአሜሪካው ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ በወጣ ጥናት እግራቸው የተቆረጠ 64 ውሾች ባለቤቶች ተጠይቀው ነበር። 58ቱ የውሻቸው ጠባይ እንዳልተለወጠ ተናገሩ፤ 56ቱ ደግሞ ኑሮው ወደ ቀድሞው ሙሉ በሙሉ ወይም በሞላ ጎደል እንደተመለሰ ገለጹ። ብዙ ውሾች ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ተነሥተው ይራመዳሉ።

ድመት ከዚህም ትቀላለች። ክብደቷ ትንሽ ነው፣ ሚዛኗ የተዋጣለት ነው፣ የሚታሰርባትን ነገር ደግሞ አትወድም። አንድ እግሯን ላጣች ጤነኛ ድመት ሰው ሠራሽ እግር ከመግዛት ቤቱን ማመቻቸት ይሻላል፦ መውጫ መውረጃዋን ዝቅ ማድረግ፣ የምትጸዳዳበትን ዕቃ ከንፈሩ አጭር በሆነ መቀየር።

ዋናው ጠላት ውፍረት ነው። በሦስት እግር የሚሄድ ውሻ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ በቀሪዎቹ መገጣጠሚያዎች ይከፈላል። ሁለተኛው ጠላት የሚያንሸራትት ወለል ነው። የአዲስ አበባ ቤቶች ሴራሚክ፣ የቨርጂኒያ አፓርታማዎች ደግሞ የተወለወለ ጣውላ በሦስት እግር ለሚዘል ውሻ አደገኛ ናቸው። ከመኝታው እስከ ምግቡና እስከ በሩ ድረስ ምንጣፍ ይዘርጉለት። ይህን ርካሽ ነገር ያላደረገ ሰው ሌላውን ውድ ነገር ባያስብ ይሻላል።

በልክ የሚሠራ ሰው ሠራሽ እግር

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ቀሪውን እግር በፋይበርግላስ ጠቅልሎ ቅርጹን ይወስዳል፤ ለሰው ስብራት እንደሚታሰረው ጄሶ ማለት ነው። ቅርጹ ወደ አውደ ጥናቱ ይላካል። እዚያ በኮምፒውተር ይለካል፣ ይታረማል፣ በሙቀት የለሰለሰ ፖሊፕሮፕሊን ፕላስቲክ ይጫንበታል። ውስጡ ስፖንጅ፣ ታቹ የጎማ ሶል፣ ዙሪያው በቬልክሮ የሚዘጋ ማሰሪያ ይገባለታል። በአሜሪካ ለዚህ ሥራ ከሚታወቁት መካከል በዴንቨር ኮሎራዶ ያለው ኦርቶፔትስና በቨርጂኒያ ያለው አኒማል ኦርቶ ኬር ይገኙበታል። ሁለቱም ቅርጹን በፖስታ ተቀብለው ስለሚሠሩ በሌላ ግዛት መኖር አያግድም። ዲሲና ሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር አንባቢ ግን አውደ ጥናቱ ለቤቱ ቅርብ መሆኑ ለማስተካከያ ሲመላለስ ይጠቅመዋል።

ዋጋው በአሜሪካ ገበያ ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,500 ዶላር ነው። የሐኪሙ ምርመራ፣ ቅርጽ የሚወሰድበት ማደንዘዣና ፊዚዮቴራፒው ከዚህ ውጭ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከገንዘቡ በላይ ሊያስቡበት የሚገባው ልምምዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መሣሪያው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ብቻ ይደረጋል፤ ጊዜው ቀስ እያለ በሳምንታት ይረዝማል። ማታ ይወልቃል። በወለቀ ቁጥር ቆዳው ይታያል፦ ቀይ ምልክት ከ30 ደቂቃ በኋላ ካልጠፋ አንድ ቦታ ላይ ጫና አለ ማለት ነው፤ መሣሪያው ሳይስተካከል መልሶ ማሰር ቁስል ያመጣል። የዚህ አማራጭ ትልቁ ችግር የቆዳ ቁስል ነው። ጠጉር ውስጥ የተደበቀ እርጥበት፣ አየር የማያሳልፍ ስፖንጅ፣ የአጥንት ጫፍ ያለበት ቀጭን ቆዳ ሁሉ ወደዚያ ያመራሉ። ስለዚህ ቆዳው በአለርጂ የሚላጥ ወይም ሰው እግሩን ሲነካው የሚናከስ ውሻ፣ አጥንቱ ምቹ ቢሆን እንኳ፣ ለዚህ አይመችም።

የሚያድግ ቡችላ ሌላ ፈተና ነው። በታይላንድ ላምፓንግ በሚገኘው የዝሆኖች ሆስፒታል ያለችው ሞሻ የተባለች ዝሆን እ.ኤ.አ. በ2006 ፈንጂ ረግጣ የፊት እግሯን ያጣችው ገና ግልገል ሳለች ነበር፤ እያደገች ስትሄድ ሰው ሠራሽ እግሯ በየጊዜው በአዲስ መተካት ነበረበት። ቡችላም በአነስተኛ መጠን ይኸው ነው። እድገቱ እስኪያበቃ በርከት ያሉ መሣሪያዎችን መክፈል ካልቻሉ በሦስት እግር አሳድገው በኋላ መወሰን ይችላሉ፤ ቀሪው እግር ግን እንዳይቆስል እስከዚያው ለስላሳ መሸፈኛ ያስፈልገዋል።

በሦስት አቅጣጫ ማተሚያ (3D ፕሪንተር) የሚሠራው ብዙ ዜና አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደርቢ የተባለ፣ የፊት እግሮቹ ሳይሟሉ የተወለደ ውሻ በዚህ መንገድ በተሠራ እግር ሲሮጥ ዓለም አይቷል። ቴክኖሎጂው ቅርጽን ለመድገምና ለማሻሻል ምቹ ነው። ነገር ግን ቤት ውስጥ በርካሽ ማተሚያ የሚወጣ ፕላስቲክ ጠርዙ ይሞርዳል፣ ድንገትም ሊሰበር ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ልኬቱን የሚወስደውና የሚያርመው ሰው ሙያ ነው፤ ማሽኑ ራሱ አይደለም።

ድጋፍ

እግሩ ሙሉ ሆኖ የደከመ፣ መገጣጠሚያው የላላ፣ መዳፉ በነርቭ ጉዳት ወደ ኋላ የሚታጠፍ ወይም ጣቶቹን ብቻ ያጣ እንስሳ የሚያስፈልገው ድጋፍ ነው፤ ሰው ሠራሽ እግር አይደለም። አሠራሩ ተመሳሳይ፣ ዋጋው ግን ቀለል ያለ ነው፤ በአሜሪካ ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 1,200 ዶላር። «ይቆረጥ» የተባለ እግር በድጋፍ መትረፍ ይችል እንደሆነ የሌላ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ ነውር የለውም። አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ነርቩ የሞተ መዳፍ ሲቆስል አይሰማውም፣ እንስሳው አያነክስም፣ አይጮህም። እንዲህ ላለው ምርመራው በቀን ደጋግሞ መሆን አለበት።

ባለ ጎማ ጋሪ

ሁለቱንም የኋላ እግሮች ላጣ ወይም ከወገብ በታች ሽባ ለሆነ እንስሳ ጋሪ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። አንድ እግር ብቻ ላጣ ግን ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ዳሌው የታመመ ሽማግሌ ውሻን ለእግር ጉዞ ብቻ ይረዳው ይሆናል። የኋላ ጋሪ በአሜሪካ ከ150 እስከ 600 ዶላር ይገኛል። የፊት እግሮችን የሚተካው ይወደዳል፣ ይከብዳልም፤ የበለጠው ክብደት ያለው በዚያ በኩል ነውና።

ጋሪ ላይ ያለ ውሻ መተኛት አይችልም፣ ደረጃ አይወጣም፣ በጠባብ በር ይያዛል፤ ብቻውን አይተውም። ትልቁ ጥቅሙ አገር ቤት ሊሠራ መቻሉ ነው። ከፒቪሲ ቱቦ፣ ከሁለት የሕፃን ብስክሌት ጎማና ከስፖንጅ ማሰሪያ የተገጣጠመ ጋሪ በብዙ አገር ውሾችን ያራምዳል። በአዲስ አበባም ሆነ በሐዋሳ ጎበዝ የቧንቧ ሠራተኛ ወይም በያጅ ልኬት ከተሰጠው ይሠራዋል። የሚለካው የእንስሳው ርዝመት፣ የወገቡ ስፋትና ሲቆም ጀርባው ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ጀርባው ቀጥ ብሎ መታየት አለበት፤ ወገቡ ከትከሻው ከፍ ካለ ክብደቱ ወደ ፊት እግሮቹ ይገፋል።

አጥንት ውስጥ የሚተከል እግር

እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርሲ ደሴት ኦስካር የተባለ ድመት ሁለት የኋላ መዳፎቹን የእህል ማጨጃ ማሽን ቆረጣቸው። የእንስሳት ቀዶ ሐኪሙ ኖኤል ፊትዝፓትሪክ በእንግሊዝ ከአጥንቱ ጋር የሚዋሃድ የብረት ዘንግ ተክሎ እግሮቹን ገጠመለት። በሩሲያ ሳይቤሪያ ደግሞ ዲምካ የምትባል ብርድ አራት መዳፎቿን የወሰደባት ድመት በኖቮሲቢርስክ ሐኪሞችና በቶምስክ ተመራማሪዎች ትብብር አራት የቲታኒየም እግር ተተክሎላታል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ማሰሪያ የለም፣ ቆዳን የሚፈገፍግ ማቀፊያ የለም፣ ቀሪው አጭር ለሆነም ይሠራል። ስጋቱም እዚያው አለ። ብረቱ ቆዳን ሰንጥቆ የሚወጣበት ቦታ ለባክቴሪያ መግቢያ ነው፤ ኢንፌክሽኑ አጥንት ከደረሰ ሌላ ቆረጣ ሊያስከትል ይችላል። የሚሠሩት ማዕከላት ጥቂት ናቸው፣ ወጪው ከአሥር ሺህ ዶላር በላይ ሊሄድ ይችላል። እኔ ይህን የማስበው ሁለትና ከዚያ በላይ እግር ላጣና ሌላው መንገድ ላልሠራለት እንስሳ ብቻ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ለማን ይስማማል | ግምታዊ ዋጋ በአሜሪካ | የዕለት ሥራ | ዋናው ስጋት |
|---|---|---|---|---|
| ሦስት እግር | ለድመት፤ ለቀላል ውሻ፤ ለካንሰር ታማሚ | ከቀዶ ሕክምናው በላይ ጥቂት | አነስተኛ | ውፍረት፣ የመገጣጠሚያ ድካም |
| ሰው ሠራሽ እግር | ክርን ወይም ጉልበት ለቀረለት ከባድ ውሻ | 1,000–2,500 ዶላር | ብዙ፣ በየቀኑ | የቆዳ ቁስል |
| ድጋፍ | እግሩ ላለ፣ ለደከመ | 500–1,200 ዶላር | መካከለኛ | ያልታየ ቁስል |
| ጋሪ | ሁለት እግር ላጣ | 150–600 ዶላር | ሰው አብሮ መሆን አለበት | መገልበጥ፣ መፈግፈግ |
| አጥንት ውስጥ የሚተከል | ብዙ እግር ላጣ | ከ10,000 ዶላር በላይ | የረጅም ጊዜ የሐኪም ክትትል | ኢንፌክሽን |

እንደ ሁኔታዎ

ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ፣ ሌሎቹ እግሮቹ ጤናማ ለሆኑ ውሻ ሦስት እግርን እመርጣለሁ፤ ለመሣሪያ ያሰቡት ገንዘብ ለምንጣፍ፣ ለራጅና ለዓመታዊ ምርመራ ይበቃል። የፊት መዳፉን ላጣ 35 ኪሎ ውሻ፣ ቤት ውስጥ ሰው ካለ፣ ሰው ሠራሽ እግር ዋጋውን የሚያወጣው እዚህ ነው፤ የቀረውን አንድ የፊት እግር ለዓመታት ያተርፋል። ገንዘቡ ኖሮ ጊዜው ከሌለ አይግዙ፤ መሣሪያው ቁም ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ ወይም የባሰው፣ ሳይታይ እያቆሰለ ይቆያል።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ተጨባጩ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት እግር ወይም አገር ቤት የተሠራ ጋሪ ነው። ቅርጽ አስወስዶ ወደ ውጭ መላክ ይቻላል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ማስተካከያ ማጓጓዣና ጉምሩክ ይጨምራል፣ የመጀመሪያው መሣሪያ ሳይስተካከል የሚስማማበት ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው። ለምክር ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። ፖሊፕሮፕሊን በአገራችን የሰው ሠራሽ እግር ማዕከላትም የሚሠራበት ፕላስቲክ ስለሆነ «እነሱ ለውሻዬ ቢሠሩልኝስ?» ብሎ የሚያስብ ይኖራል። እዚያ ወረፋ የሚጠብቁት እግራቸውን ያጡ ሰዎች ናቸው፤ ያን ወረፋ አይንኩ። የሙያ ምክር መጠየቅ ግን ይቻላል።

የጎዳና ውሻ አንሥተው ከሆነ ስለ እግሩ ከማሰብዎ በፊት የእብድ ውሻ በሽታን ያስቡ። ከነከሰዎት ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠቡ፣ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ለፈረስና ለአህያ ይህ መመሪያ አይሠራም። ከባድ እንስሳ በሦስት እግር ሲቆም የቀረው እግር ኮቴ በሸክም ይታመማል። በአሜሪካ ሉዊዚያና እ.ኤ.አ. በ2006 እግሯ ተቆርጦ ሰው ሠራሽ የተገጠመላት ሞሊ የተባለች ትንሽ ፈረስ ተሳክቶላት ነበር፤ ሐኪሞቹ የመረጧት ግን የታመመ እግሯን ራሷ እያሳረፈች፣ ክብደቷን እያቀያየረች ስትቆም አይተው ነው።

ለአውደ ጥናት ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቁ፦ በዋጋው ውስጥ ስንት ማስተካከያ አለ? ለምን ያህል ጊዜ? የውስጥ ስፖንጁ ብቻውን ይቀየራል ወይስ መሣሪያው በሙሉ? እንስሳው ካልተቀበለው ምን ይመለሳል? ቅርጹን የሚወስደው ሐኪም ከዚህ በፊት ሠርቶ ያውቃል? ውሻው ሲራመድ ከጎንና ከፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ልከው አስተያየት ይጠይቁ፤ ቪዲዮውን ሳያይና ራጁን ሳይጠይቅ ዋጋ ብቻ የሚልክልዎትን ይለፉት።